ባትሪው ምን በደለ?

ኧረ በፈጠራችሁ አምላክ ባትሪውን ተዉት! እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ፣ ፖቶማክ ወንዝ ላይም ሆነ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ፣ ባለ ሸራ ጀልባ ያለው ሰው ሁሉ ሰመር በመጣ ቁጥር ያው እሮሮ ነው። «ከገዛሁት ሁለት ዓመት አልሞላውም፣ ሞተ!» ከዚያ ወደ 30 ኪሎ የሚመዝን አዲስ ባትሪ፣ አንዱ ሲገርም አራት፣ በጠባቡ መሰላል እየተጎተተ ይወርዳል። አሮጌው ይጣላል። የገደለው ነገር ግን እዚያው አለ፤ ጀልባዋ የምትታሰርበት ዶክ ላይ ካለው የመብራት ሳጥን ባትሪውን እስከሚሞላው ቻርጀር ባለው መንገድ ላይ። ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ያንገበግባል!

ስፒናውን ውሰዱ። ከዶኩ ወደ ጀልባዋ መብራት የሚያመጣው የ30 አምፔሩ ቢጫ ገመድ ጫፍ ላይ ሦስት ጥምዝ ምላሶች አሉ፤ ጫፏ የታጠፈችው ግራውንድ (የመሬት መስመር) ናት። አስገብቶ ወደ ቀኝ ማዞር፣ ከዚያ የፕላስቲክ ቀለበቱን ማጥበቅ። አምስት ሴኮንድ አይፈጅም። ሰው ግን ገፋ አድርጎት ይሄዳል። ጀልባዋ በተወዛወዘች ቁጥር ገመዱን ትጎትታለች፣ ምላሱ ይላላል፣ እርጥበት ይገባል፣ ይዝጋል። በላላው ቦታ ላይ 0.1 ኦም ብቻ ቢፈጠር በ20 አምፔር 40 ዋት ሙቀት ነው። የ40 ዋት አምፖል ስፒናው ውስጥ አበራችሁ ማለት ነው! ነቅላችሁ እዩት፦ አንዱ ምላስ ሥር ቡናማ ቀለበት፣ አረፋ የመሰለ ፕላስቲክ፣ የሚከረፋ የቃጠሎ ሽታ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቃጠለው በጀልባው በኩል ያለው ጫፍ ነው። ይህን ያየ ሰው ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መልሶ ይሰካዋል። አይሆንም! መቀበያው ውስጥ ያለው መንጋጋ አንዴ ከጋለ አጥብቆ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። የገመዱን ጫፍም የጀልባውን መቀበያም አብራችሁ ቀይሩ፤ አንዱን ብቻ ከቀየራችሁ አሮጌው አዲሱን ያቃጥለዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

የጀልባ ማቆሚያውን የሚያከራዩት ማሪናዎቹስ? ኪራዩን በጀልባዋ ርዝመት በየጫማው ቆጥረው ይቀበላሉ፤ ሶኬታቸው ግን ክዳኑ ተገንጥሎ፣ ውስጡ ጠቁሮ ዓመት ይቆማል። የምንከፍለው እኮ ለዚያም ጭምር ነው!

ደግሞ ሒሳቡን የሚሠራ የለም። 30 አምፔር በ120 ቮልት 3600 ዋት ነው፤ ለሰዓታት ሲጫን ግን ከ80 በመቶው፣ ማለትም ከ24 አምፔር ማለፍ የለበትም። የውሃ ማሞቂያው 1500 ዋት ከሆነ ብቻውን 12.5 አምፔር ይወስዳል። ኤሲው 10 ወይም 11። አለቀ፣ ሞላ። በዚህ ላይ 40 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ሲጨመር ከዶኩ ወደ 6 አምፔር ይስባል፣ አሮጌው ዓይነት ከዚያም በላይ። ብሬከሩ ወዲያው አይወርድም፤ ስፒናው ዝም ብሎ ይግላል። ባትሪ ስትሞሉ ማሞቂያውን አጥፉ፣ በቃ። ቅዳሜ ከሰዓት ዶኩ ሙሉ ኤሲ ሲከፍት ቮልቴጁ ከ110 በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ አሮጌ ባለ ትራንስፎርመር ቻርጀር በርቶ ይታያል እንጂ የሚገባውን አይሰጥም። በቀጭን የቤት ማራዘሚያ ገመድ የሚሰኩትንማ ምን እንበላቸው? ጀልባ ውስጥ ሰው ይተኛል እኮ!

አሁን ወደ ቻርጀሩ። ለመኪና ባትሪ የተሠራ 10 አምፔር ቻርጀር አቅሙ 400 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ላይ ተሰክቶ «አልሞላ አለኝ» ይባላል። ውሃ ለሚጨመርበት ባትሪ የሚመከረው ከአቅሙ ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው፤ ለ400 ከ40 እስከ 80 አምፔር። ፍሪጁ በዚያው ሰዓት 5 አምፔር ከወሰደማ ከ10ሩ ምን ተረፈ? ቮልቱም እንደ ባትሪው ዓይነት ይለያያል። ውሃ የሚጨመርበት ከ14.4 እስከ 14.8 ድረስ ወጥቶ ሲሞላ ወደ 13.2 ወይም 13.5 ይወርዳል። ጄል የሚባለው ዝግ ባትሪ ግን 14.1 አካባቢ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ከሰጣችሁት ውስጡ አረፋ ይሠራል፣ የማይድን ጉዳት ነው። አዲስ ዓይነት ባትሪ ገዝቶ የቻርጀሩን ማስተካከያ በአሮጌው የሚተው ሰው ገንዘቡን ባሕር ውስጥ ነው የጣለው።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ግን ያቺ የመጨረሻዋ 20 በመቶ ናት። እስከ 80 በፍጥነት ይገባል፤ የቀረው ሰዓታት ይፈልጋል፣ ባትሪው ራሱ አምፔሩን እየቀነሰ ነው የሚቀበለው፣ አይገደድም። ሰው ሦስት ሰዓት ሰክቶ 13.8 ሲያይ «ሞላ» ብሎ ይነቅላል። ያ የቻርጀሩ ቮልት ነው እንጂ የባትሪው አይደለም! ሁሉንም አጥፍታችሁ አሳድሩትና በቴስተር ለኩ፦ 12.7 ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ። በየሳምንቱ በ80 የሚተው ባትሪ ሰልፌት የሚባለው ጨው ፕሌቱ (ውስጡ ያለው የእርሳስ ሰሌዳ) ላይ ይጠጥራል፣ አቅሙ እየሳሳ ይሄዳል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የሚሞተው እንዲህ ነው። ውሃም ከሞላ በኋላ ነው የሚጨመረው፤ ፕሌቱ ከታየ ብቻ ቀድሞ እስኪሸፍን። የተጣራ ውሃ፣ የቧንቧ አይደለም።

ግራውንዱን የሚቆርጡም አሉ፤ የጀልባዋን ብረት ከመበላት የሚጠብቀው ዚንክ ቶሎ አለቀብን ብለው። እባካችሁ! ለዚያ ጋልቫኒክ አይሶሌተር የሚባል ዕቃ አለ፣ ግራውንዱ ላይ ይገጠማል፣ ዚንኩን የሚበላውን ትንሽ ኤሌክትሪክ ያግዳል። ግራውንዱ ከተቆረጠ ግን የሾለከ መብራት ወደ ውሃው ሊወጣ ይችላል። ፖቶማክ እዚህ ጋ ጨው የሌለው ውሃ ነው፤ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ የሾለከ መብራት በሚዋኝ ሰው ሰውነት ያልፋል፣ ጡንቻ ይይዛል፣ ሰው ይሰምጣል። ዶክ አጠገብ ልጅ አታዋኙ።

ስትሰኩ የዶኩን ብሬከር አጥፉ፣ መጀመሪያ በጀልባው በኩል፣ ቀጥሎ በዶኩ በኩል ሰኩ፣ ከዚያ የዶኩን ብሬከር አብሩ፣ ፌዝና ኒውትራል (ሁለቱ የመብራት መስመሮች) መገልበጣቸውን የሚያሳየው መብራት አለመብራቱን አይታችሁ የጀልባውን ብሬከር፣ በመጨረሻ ቻርጀሩን አብሩ። ስትነቅሉ በተቃራኒው። አዲስ ባትሪ ከማዘዛችሁ በፊት ደግሞ ገመዱን አንድ ሰዓት ሙሉ ጭነት ላይ ተዉት፣ የዶኩን ብሬከር አጥፉና ስፒናውን በእጃችሁ ያዙት። ለብ ያለ ከሆነ ደህና ነው። እጅ የማያስይዝ ከሆነ ግን መጀመሪያ ስፒናና መቀበያ ግዙ።