አላስካ ሄደን በግ አየን

ነገሩ የተጀመረው እቁብ የወጣልኝ ቀን ነው። እቁብ ሲወጣ ሰው ሁሉ አማካሪ ይሆናል፣ አንዱ መኪናህን ቀይር ይላል፣ አንዱ አገር ቤት ኮንዶሚኒየም ግዛ ይላል፣ ባለቤቴ ግን ዝም ብላ ስልኳን ከፈተችና የጓደኛዋን ፎቶ አሳየችኝ። ልጅቷ ሰማያዊ የበረዶ ግድግዳ ፊት በሐበሻ ቀሚስ ቆማለች (ብርዱን እናንተ አስቡት)፣ ከስሩ "አላስካ፣ ተመስገን" ብላ ጽፋለች። በቃ አለቀ። እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ) ያለን ሀበሾች አንዱ ቤት ትልቅ ቲቪ ከገባ ሁሉም ቤት እስኪገባ እንቅልፍ የለንም፣ ዘንድሮ ደግሞ ተራው የክሩዝ ነው፣ በትልቅ መርከብ የመዝናኛ ጉዞ።

የገዛነው ክሩዝቱር የሚሉትን ነው፣ ግማሹ በየብስ ግማሹ በባህር። ከፌርባንክስ ከተማ ዴናሊ ብሔራዊ ፓርክ በአውቶቡስ፣ ከዴናሊ ዊቲየር ወደብ በባቡር፣ ከዚያ መርከብ ላይ ወጥቶ ቫንኩቨር መውረድ። ለምን ካናዳ ድረስ እንደሚወስዱን ስጠይቅ በ1886 የወጣ ሕግ ነው አሉኝ፣ የውጭ ባንዲራ ያለው መርከብ ከአንዱ የአሜሪካ ወደብ ጭኖ ሌላው የአሜሪካ ወደብ ላይ ሰው ማራገፍ አይችልም። ለዚህ ሕግ ሲባል ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን የመጣችው እማዬ አሻራ ሰጥታ የካናዳ ቪዛ አወጣች፣ አንድ ቀን ለማትሞላ ካናዳ።

ፌርባንክስ የገባነው ሰኔ ውስጥ ነው። ፀሐይዋ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ጠልቃ 9 ሰዓት ሳይሞላ ተመልሳ ወጣች፣ ሽንት ቤት ደርሳ የመጣች ነው የምትመስለው፣ በመሃል ደግሞ ጨለማ የሚባል ነገር የለም። እኛ አገር ሰዓት የሚቆጠረው ቀኑ ሲነጋና ሲመሽ ስለሆነ እማዬ ግራ ገባት፣ የማታ ጸሎቷን ልታደርስ ተነስታ መጋረጃ ስትከፍት ጎረቤት ሳር እያጨደ ነው። "እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚተኙት?" አለችኝ፣ እኔም አላውቅም፣ አልተኛሁማ።

ሌላው ጉድ ሻንጣ ነው። በዚህ ቱር ሻንጣህን አትሸከምም፣ በር ላይ ታስቀምጥና ይወስዱታል፣ ማታ የሚቀጥለው ሆቴል ክፍልህ ውስጥ ቆሞ ይጠብቅሃል። ፈረንጁ ይሄን እንደ ጽድቅ ነው የሚያወራው። እማዬ ሻንጣ ውስጥ ግን በርበሬ አለ፣ ዳቦ ቆሎ አለ፣ ከማርያም የመጣ ጠበል አለ። "ስሙን ለማላውቀው ሰው?" ብላ ወንበር አውጥታ ኮሪደር ላይ ሻንጣዋ አጠገብ ተቀመጠች። ሊወስድ የመጣውን ልጅ ዳቦ ቆሎ አስያዘችው፣ መረቀችው፣ ከዚያ ነው የለቀቀችው።

ፓርኩ ስሙን የወሰደበት የዴናሊ ተራራ 6,190 ሜትር ነው፣ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ከሱ የሚበልጥ ተራራ የለም። ችግሩ አይታይም። ከሚሄደው ሰው ከመቶ ሠላሳው ብቻ ነው ጫፉን የሚያየው፣ ቀሪው የሚያየው ደመና ነው፣ እኛም ከቀሪው ሆንን። ሱቅ ስንገባ ግን በቲሸርት ላይ አለ፣ በኩባያ ላይ አለ፣ በማግኔት ላይ አለ፣ ውጪ ብቻ ነው የሌለው። የፓርኩ መንገድም ሙሉ አይደለም፣ 92 ማይል የነበረው በ2021 መሬቱ ተንሸራቶ ስለተዘጋ የኛ አውቶቡስ 43ኛው ማይል አካባቢ ዞሮ ተመለሰ። እስከዚያ ድረስ ሥራችን አውሬ መፈለግ ነው፣ ያየ ሰው "ቁም!" ብሎ ይጮሃል፣ ሾፌሩ ይቆማል፣ ሁሉም በአንድ መስኮት ይረባረባል። "ድብ!" ተባለ፣ ተጋፍቼ አየሁ፣ ቡናማ ነጥብ ናት፣ ድንጋይ ብትሆንም ማንም አያውቅባትም።

ቀጥሎ አንዷ ሴትዮ አብዳ ጮኸች፣ አውቶቡሱ ቆመ፣ ካሜራው ሁሉ ወደ ገደሉ ዞረ። እማዬ ባይኖኩላሩን ተቀብላ ብዙ አየች።

"በግ ነው" አለች።

"አዎ እማዬ፣ ዳል ሺፕ ይሉታል፣ የዱር ነው።"

"ለበግ ነው ሁለት ቀን በአውሮፕላን ያንገላታኸኝ?"

መንዝ የተወለደች ሴት እኮ ናት፣ በግ ውስጥ ነው ያደገችው፣ ምን ልበላት? ሾፌሩ በማይኩ ፓርኩ ራሱ በ1917 ሲቋቋም ዋናው ምክንያት እነዚህን በጎች ከአዳኝ ማዳን እንደነበር አስረዳ። ተረጎምኩላት። ትንሽ ዝም ብላ "እረኛቸው መንግሥት ነዋ" አለች፣ ከዚያ በኋላ በጎቹን በሌላ ዓይን ማየት ጀመረች።

መርከቡ ላይ ገና ስንገባ የቡና ምድጃችን ፍተሻ ላይ ተያዘች፣ በኤሌክትሪክ የሚግል ነገር ክልክል ነው፣ ደረሰኝ ሰጡንና ስትወርዱ ትወስዳላችሁ አሉን። ጀበናዋ አለፈች ግን ያለ ምድጃ ምን ትሠራለች፣ እንደ አበባ ማስቀመጫ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቡፌው አለ፣ ሳልመን የሚሉት ዓሣ፣ ሸርጣኑ፣ ኬኩ፣ ጊዜው ደግሞ የሰኔ ጾም። እማዬ በሰባቱ ቀን ሩዝና ሰላጣ ብቻ በላች፣ እኔ ደግሞ እሷ ፊት ሳልመን ላለመብላት እየተደበቅኩ ቀን ሁለቴ ቡፌ እወጣ ነበር (እሷ ይሄን አታንብብ)። በየቀኑ ሒሳባችን ላይ ጉርሻ እየተባለ ይቆረጣል፣ ሰው ሳይጠይቅህ። ጉርሻ እኮ በእጅ ነው የሚሰጠው፣ እምቢ ሲባል "በሞቴ" ተብሎ።

ስካግዌይን፣ ጁኖን፣ ኬቺካንን አልተርክም፣ ሦስቱም ጋ የወረድነው ዝናብ ላይ ነው፣ ሦስቱም ጋ የጌጣጌጥ ሱቅ ነው የተቀበለን። ግሌሸር ቤይ ግን (የበረዶ ግግር የሚወርድበት የባህር ወሽመጥ) ሌላ ነው። ጠዋት ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ዴክ ላይ ወጣ፣ የፓርክ ጠባቂዋ በድምፅ ማጉያ ከ250 ዓመት ገደማ በፊት ይሄ የቆምንበት ውሃ በሙሉ በረዶ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ 100 ኪሎሜትር ያህል ወደ ኋላ እንደሸሸ ነገረችን። ፀጥ ብለን ስንጠብቅ ከበረዶው ግድግዳ አንድ ቁራጭ ዝም ብሎ ተንሸራተተ፣ ቆይቶ ነው ድምፁ የደረሰን፣ እንደ ነጎድጓድ። መርከቡ ሙሉ አጨበጨበ፣ አፏጨ፣ ባለቤቴም በሐበሻ ቀሚስ እየተንቀጠቀጠች ፎቶዋን ተነሳች።

እማዬ አማተበች። "ቤት ሲፈርስ ይጨበጨባል እንዴ?" አለችኝ።

ተመልሰን በሁለተኛው ቅዳሜ ጎረቤቶች ለቡና ተሰበሰቡ። ባለቤቴ ፎቶውን በትልቁ ቲቪ ከፍታ ሰማያዊ በረዶ ታሳያለች፣ ሴቶቹ ግን እማዬን ከበው ምን እንዳየች ይጠይቃሉ።

"በግ" አለች፣ "ነጭ፣ ገደል ላይ ቆሞ፣ መንግሥት የሚጠብቀው።"

"ስንት ይሸጣል?" አሏት።

"ኧረ አይሸጥም" አለች፣ "ሩቅ ሆኖ ለማየቱ ነው የሚከፈለው፣ ስንቱን እንደከፈለ እሱን ጠይቁት።"