ሴቶች ደመወዝ መደራደር ቢማሩ ልዩነቱ ይጠባል? የሁለት ሐዋሳውያን ክርክር

በወንድና በሴት መካከል ያለውን የደመወዝ ልዩነት ለማጥበብ ሴቶችን ድርድር ማሠልጠን ያዋጣል ወይ? «ያዋጣል» የምትለው ሐዋሳ ውስጥ በሰው ሀብት ክፍል የምትሠራ ወጣት ናት። «አያዋጣም» የሚሉት እዚያው ከተማ ዕድሜ ልካቸውን ፔሮል ሲሠሩ የኖሩ የሒሳብ ሹም ናቸው።

ያዋጣል

ቴሌግራም ላይ የሚወጡትን የሥራ ማስታወቂያዎች እዩ። ግማሾቹ መጨረሻቸው ላይ «ደመወዝ፦ በስምምነት» ይላሉ። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ስምምነት የሚባል ነገር ብዙም አላይም። «ስንት ትጠብቂያለሽ?» ስትባል፣ ብዙዋ ሴት «እናንተ እንደምትከፍሉት» ትላለች። ወንዱ ቁጥር ይጠራል። አንዳንዴ የሚያስቅ ቁጥር ነው፤ ግን ይጠራል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ?

ነገሩ የመጀመሪያ ቀን ብቻ አይደለም። እሷ በ12,000 ብር፣ እሱ በ15,000 ብር ተቀጠሩ እንበል። ሁለቱም በየዓመቱ እኩል 10 በመቶ ይጨመርላቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ ልዩነቱ 3,000 መሆኑ ቀርቶ ከ4,800 ብር ያልፋል። ማንም አልበደላትም፣ ጭማሪው እኩል ነበር። የጡረታ አበሏም የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ያን ቀን ያፈረችው ሐፍረት እስከ ጡረታ ይከተላታል።

አሜሪካ ውስጥ በሥራ ማስታወቂያዎች አንድ ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ማስታወቂያው ስለ ድርድር ምንም ሳይል ሲቀር፣ ይበልጥ የሚደራደሩት ወንዶች ሆኑ። «ደመወዙ በድርድር ነው» ብሎ በግልጽ ሲናገር ግን ያ ልዩነት ጠፋ። ስለዚህ ሴቶች መጠየቅ አይችሉም ማለት አይደለም። መጠየቅ እንደሚፈቀድ የሚነግራቸው ሰው ነው ያጡት። ሥልጠናው ይሄን ይነግራል። የሚጠራው ቁጥር የተጣራ ነው ወይስ ያልተጣራ ብላ እንድትጠይቅም ያስተምራል። ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ከተቆረጠ በኋላ የሚደነግጡ ስንት አሉ!

አያዋጣም

እህቴ፣ ስሌትሽ ትክክል ነው። እኔም ፔሮል ላይ አይቼዋለሁ። የማልስማማው መድኃኒቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሐዋሳን እንይ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ተቀጥረው የገቡት በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት፣ የልብስ ፋብሪካዎቻችን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ስፌት ላይ ያለችው ልጅ ከማን ጋር ትደራደር? ከሱፐርቫይዘሯ ጋር? እሱ ራሱ ዋጋ አይቆርጥም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። እኛ ግን ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ወለል እስካሁን አላየንም። ወለል በሌለበት ቤት እሷን አነጋገር ማስተማር ምን ይሉታል?

ሁለተኛ፣ የጠየቀች ሴት ምን ትባላለች? ዓይን አውጣ። ወንዱ ሲጠይቅ ጎበዝ ነው። ይሄ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ከፍ ያለ ክፍያ ከጠየቁ በኋላ «አብሬያቸው መሥራት አልፈልግም» የሚባሉት ይበልጥ ሴቶች እንደሆኑ አሳይቷል። ሥልጠናሽ እሷን ይለውጣል፤ ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠውን ሰው ማን ያሠለጥነዋል?

የመንግሥት ሥራን ተመልከቺ። ደረጃና እርከን አለ። በአንድ ደረጃና እርከን ላይ ያሉ ወንድና ሴት መነሻቸው አንድ ነው፣ ማንም አልተከራከረም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 42 ላይ ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ ይላል። «ጎበዝ ተናጋሪ ለሆነች» አይልም።

ያዋጣል

ጋሼ፣ ደረጃና እርከኑን ካነሱ ይቀጥሉበት እንጂ። ከፍተኛው ደረጃ ላይ የተቀመጠው ማን ነው? የቢሮ ኃላፊዎቹን ይቁጠሩልኝ። እዚያም ዕድገት ሲመጣ «እኔ ይገባኛል» ማለት ያስፈልጋል።

ፓርኩን በተመለከተ ግን እርስዎ ያሉት እኔን ይደግፋል። ያቺ ልጅ ብቻዋን አትደራደርም፣ እውነት ነው። አዋጁ 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም፣ በኅብረት ስምምነት መደራደርም ይፈቅዳል። ያ ታዲያ ድርድር አይደለም? አሠሪው ጠበቃና እንደ እርስዎ ያለ የሒሳብ ሰው ይዞ ይቀመጣል። የማኅበሩ ተወካይ ሒሳቡን ማንበብ ካልቻለች በምን ታሸንፋለች?

አያዋጣም

በማኅበር ከሆነ እጄን አነሳለሁ። ግን እናንተ ሆቴል አዳራሽ ተከራይታችሁ የምትሰጡት ሥልጠና እንደሱ አይደለም። እዚያ የሚመጡት ዲግሪ ያላቸው፣ ላፕቶፕ የያዙ ናቸው። የፓርኳ ልጅ በዚያ ሰዓት ሺፍት ላይ ናት።

የእኔ ሐሳብ ርካሽ ነው። ድርጅቱ የደመወዝ ስኬሉን፣ ለየትኛው ቦታ ስንት እንደሚከፍል፣ ይለጥፍ። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2006 ሕግ አወጣች። 35 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች የወንዱንና የሴቷን ክፍያ ለይተው ለሠራተኞቻቸው እንዲያሳውቁ አስገደደች። ልዩነቱ ጠበበ።

ያዋጣል

ጠበበ፤ እንዴት እንደጠበበ ግን አልነገሩንም። በዋናነት የወንዶቹ ጭማሪ ስለቀዘቀዘ ነው። የእሷ ኪስ ውስጥ የገባው ትንሽ ነው።

አያዋጣም

ልዩነት ይጠባል ወይ ነበር ጥያቄው፣ እህቴ። ጠቧል።

ያዋጣል

እሺ፣ ስኬሉ ይለጠፍ። እኔም መሥሪያ ቤቴ ውስጥ እጠይቃለሁ። ነገ ጠዋት ቃለ መጠይቅ ያላት ልጅስ እስከዚያው ምን ትበል?

አያዋጣም

ቁጥር አትጥራ። «ለዚህ ቦታ የመደባችሁት ከስንት እስከ ስንት ነው?» ትበላቸው።

ያዋጣል

ሥልጠናው ላይ መጀመሪያ የምናለማምዳቸው ይሄንኑ ነው። ቅዳሜ ይምጡና እርስዎ ያስተምሩልን፤ የፓርኩ ልጆች ከሺፍት የሚወጡበትን ሰዓት እንጠብቃለን።