የተመረቁት ጣሊያናዊ

በዘይት ቀለም የሰው ፊት መሣል ለመልመድ የታላላቆቹን ሥራ መገልበጥ የቆየ ዘዴ ነው። ሩቤንስ እንኳ ራፋኤል የሣለውን ባልዳሳሬ ካስቲሊዮኔን ገልብጧል፤ ሬምብራንትም በ1639 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አምስተርዳም ውስጥ ለጨረታ ሲቀርብ አይቶ ንድፉን ወስዷል። እኔም ይህንኑ ሰውዬ መረጥሁ። ቀለሙ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ነጭና ቡናማ ስለሆነ ኪስ አይጎዳም፤ ሰማያዊ የሚገዛው ለሁለቱ ዓይኖቹ ብቻ ነው።

ፊቱን ሸራው ላይ በካሬ ከፋፍዬ ስነድፍ አጎቴ ገቡ።

«ምነው፣ ከርቸሌ አስገባኸው?»

ጣሊያናዊ ነው አልኋቸው።

«ደግ አደረግህ» ብለው ተቀመጡ። የአርበኛ ልጅ ናቸው። ሰውዬው በ1529 እንደሞተ፣ ከዐድዋም ከማይጨውም እጁ እንደሌለበት ባስረዳቸውም «ዘር ከልጓም ይስባል» ከማለት አልተመለሱም።

የአክስቴ ጥያቄ የተሻለ ነበር። ቀለሙ የሚለወስበት ዘይት ከተልባ የተጨመቀ መሆኑን ሲሰሙ «ተልባ ድርቀት ያስለቅቃል እንጂ መቼ ያደርቃል?» አሉ። የሥዕሉም አበሳ እዚሁ ላይ ነው። የተልባ ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ አያልቅም፤ ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠጥራል። ስለዚህ የሥረኛው ቅብ በተርፔንታይን ይቀጥናል፣ ዘይት የሚበዛው በላይኛው ላይ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ሥሩ ገና ሲላወስ ይሰነጠቃል። በየቅቡ መካከል ቀናት መጠበቅ ግድ ነው፤ ለቡና የመጣ እንግዳ ደግሞ መድረቁን የሚያረጋግጠው በጣቱ ነው። ራፋኤል ብርሃንና ጥላን ወሰን በሌለው ስስነት ያዋሐደበት ጉንጭ ላይ ባለቤቱ ያልታወቀ አውራ ጣት ታትሟል። ቀለሙ በኋላ ስኒ ላይ ተገኘ።

በእኛ ሳሎን ጥቁር ለብሶ፣ ጥቁር ቆብ ደፍቶ ከግድግዳ ላይ የሚያይ ሰው ተመራቂ ብቻ ነው። ጎረቤታችን እትዬም በፍጹም አክብሮት «በምን ተመረቁ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ዲፕሎማት ነበሩ።»

«በዚህ ሁሉ ጢም ዲፕሎማ ብቻ?»

በማግሥቱ የልጃቸውን ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። ካባውና ቆቡ ተሠርቶ ስላለቀ ፊቱን ብቻ እንድለውጥ፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ እንድቀንስ ተደራደሩኝ። ልጁ ገና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ መሆኑን ባስታውሳቸው አልተበገሩም።

«ዘይቱ እስኪደርቅ ይደርሳል።»