«ፎርማት ነው የሚያስፈልገው፣ ጋሼ»

«ኮምፒውተሬ ፎርማት ስለተደረገ የሁላችሁም አድራሻ ጠፍቶብኛል፤ እባካችሁ መልሳችሁ ላኩልኝ።» ይህ ኢሜይል ሰሞኑን ያልደረሰው ሰው ያለ አይመስልም። የተላከው ደግሞ ጠፉ ለተባሉት ለእነዚያው አድራሻዎች ነው። ታዲያ እንዴት ደረሰን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም «አይዞህ» ብሎ ይመልሳል።

ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን፣ እኛ ዘንድ ምች ለመታውም ላልመታውም እንደሚታዘዝ ዳማከሴ ሆኗል። ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ? ፎርማት። ፕሪንተሩ አልታዘዝ አለ? ፎርማት። ባለሙያው ገና ክዳኑን ሳይከፍት «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው፣ ጋሼ» ይላል። «ዳታዬስ?» «ሐሳብ አይግባዎት፣ ሁሉንም ዲ ላይ እገለብጠዋለሁ።» ሁሉንም ማለት እንግዲህ ዴስክቶፑን፣ ዶክመንትሱንና የሠርጉን ፎቶ ነው። ለዓመታት የተጠራቀመው አድራሻ፣ የአለቃን ደብዳቤ ከማስታወቂያ የሚለየው ማጣሪያ፣ የይለፍ ቃሉ፣ አንዱም እዚያ የለም።

እዚህ ላይ ከዊንዶውስ ጋር የቆየ ቂም አለኝ። ሰው ላቡን ያፈሰሰበትን ቅንብር አፕዳታ የሚባል ፎልደር ውስጥ ከትቶ፣ ፎልደሩን ራሱን ከዓይን ይሰውረዋል። ለማየት የዊንዶውስንና የአርን (R) ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ፣ በሁለት የፐርሰንት ምልክቶች መካከል አፕዳታ ብሎ በእንግሊዝኛ (%appdata%) መጻፍ ነው። ሮሚንግ የሚባለው ንዑስ ፎልደር ይከፈታል። ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ለሚጠቀም ሀብቱ በሙሉ እዚያው ተንደርበርድ የሚለው ፎልደር ውስጥ ነው። ፕሮፋይልስ ሲከፈት ትርጉም በሌላቸው 8 ፊደልና ቁጥሮች የሚጀምር ስም ያለው ፎልደር ይታያል፣ ፕሮፋይል የሚሉት እሱን ነው፤ ቆሻሻ መስሏቸው የሚያጠፉት አሉ። አካውንቶቹን የያዘው ፕሬፍስ፣ አድራሻውን የያዘው አቡክ፣ የይለፍ ቃል ያለበት ሎጊንስ፣ የእሱ ቁልፍ የሆነው ኪ4፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። ሎጊንስን ያለ ኪ4 የገለበጠ ባዶ እጁን ነው። ስለዚህ መምረጥ አያስፈልግም፤ ተንደርበርድን ዘግቶ (ክፍት ሆኖ የተገለበጠ ፋይል ሊበላሽ ይችላል) ተንደርበርድ የሚለውን ፎልደር እንዳለ መውሰድ ነው። ፖፕ የሚባለውን፣ ደብዳቤን ከሰርቨር አውርዶ ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጠውን ዘዴ የሚጠቀም ሰውማ ደብዳቤው ራሱ ሰርቨር ላይ ላይኖር ይችላል፤ ያለው እዚህ ብቻ ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ፤ ግን ውሻው ላይ የተፈረደው ፍርድ ይከነክነኛል። ቢዘገይም ጮኋል እኮ። ጅቡ ዛሬ ቢሄድም ነገ ይመለሳል፤ የዛሬው ጩኸት ለነገው ይጠቅማል። የኛ ሰው ግን ዲስኩ ከተጠረገ በኋላም አይጮህም፤ አድራሻ ላኩልኝ ይላል፣ የተላከለትን ያስገባል፣ በዓመቱም ያንኑ ባለሙያ ይጠራል።

ባለሙያው ደግሞ ፍላሽ አለው። በፍላሹ ላይ ከስንት ዘመን በፊት የወረደ ተንደርበርድ አለ። እንበልና ፎልደሩ በደህና ተገልብጦ ወደ ቦታው ተመለሰ። አሮጌው ተንደርበርድ በአዲሱ ስሪት ያገለገለውን ፕሮፋይል አልከፍትም ይላል፤ አዲስ ልፍጠር ወይስ ልዘጋ ብሎ ይጠይቃል። ባለሙያው የቀረበለትን ጥያቄ አንብቦ አያውቅም፣ ፍጠር ይላል። ባዶ ሳጥን ይከፈታል። «ጠፍቷል፣ ጋሼ።» አልጠፋም! አዲሱን ስሪት ጭኖ፣ እገዛ ከሚለው ሜኑ የችግር መፍቻ መረጃን ከፍቶ፣ ስለ ፕሮፋይሎች የሚለውን ገጽ አግኝቶ የድሮውን መደበኛ ማድረግ ብቻ ነበር። ደግሞ ተንደርበርድን ማራገፍ ፕሮፋይሉን አይነካም። ለዚህ ነው ብልሽቱን ሸሽቶ አራግፎ የጫነ ሰው ያንኑ ብልሽት ቁጭ ብሎ ሲጠብቀው የሚያገኘው።

የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም በሆነው አውትሉክ ላይ ሰው ከምንም በላይ የሚያዝነው ለፊርማው ነው። ቢያዝንም አይፈረድበት፤ «ኢንጂነር»፣ «ሲኒየር»፣ «ተጠባባቂ»፣ ከሥር ሦስት ስልክ፣ ከዚያ አርማ፣ ከዚያ ወረቀት ከማተማችሁ በፊት ዛፍ አስቡ የሚል ምክር፤ ደብዳቤው ግን «እሺ» ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ክብር በክላሲኩ (በነባሩ) አውትሉክ ሮሚንግ ውስጥ ማይክሮሶፍት ሥር ሲግኔቸርስ የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ለአንድ ፊርማ 3 ፋይል፣ ሥዕል ካለው ደግሞ አርማውን የያዘ አንድ ንዑስ ፎልደር። ፋይሎቹን ገልብጦ ንዑስ ፎልደሩን የረሳ ሰው አርማው በነበረበት ቦታ ቀይ ኤክስ ያለበት ባዶ ሳጥን ያገኛል። ደብዳቤ የሚለዩትን የአውትሉክ ደንቦች ግን ፎልደር ውስጥ መፈለግ ድካም ነው፤ በክላሲኩ አውትሉክ ከደንቦች መስኮት ውስጥ አማራጮችን ከፍቶ ኤክስፖርት ማድረግ ነው።

ብቻ የት ይቀመጥ ለሚለው፦ ዲ አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ ካለበት ከሲ ጋር አንድ ዲስክ ነው፤ ዲስኩ ሲሞት አብረው ይሞታሉ። ውጫዊ ዲስክ ወይም ፍላሽ ይሻላል። የባለሙያው ፍላሽ ግን አይሆንም፤ ተንደርበርድ ላይ ዋና የይለፍ ቃል ካልተደረገ ሎጊንስና ኪ4 አብረው የገቡለት ሰው የይለፍ ቃላችሁን በሙሉ ቁጭ ብሎ ያነባል።