ምንጣፍ ይፍጀው

ዛሬ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ እጅ የምነሣው ለምንጣፍ ነው። ለሳሎን ምንጣፍ አይደለም፤ እሱ የራሱ አድናቂዎች አሉት። እኔ የምለው በአሮጌ የኪራይ ቤት ውስጥ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ማንም ባልጠየቃት ቦታ ስለተነጠፈችው ትንሽ ምንጣፍ ነው። ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ሰው ምንጣፏን ሲያይ ሥሯን ያውቃል።

የኔዋ ሥር ያለችው ሴራሚክ ስንጥቋ ከአንዱ ማዕዘን ይነሣና መሐል ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ግድግዳው ሄዶ ይቀራል፤ ሌላው ጎረቤት ሴራሚክ ውስጥ ገብቶ ጉዞውን ይቀጥላል። ስትረገጥ «ቀጭ» ትላለች። ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሣ ቤተሰቡ የት እንደደረስኩ በድምፅ ይከታተለኛል። ካልሲም ትወዳለች፤ እስካሁን ሦስት በልታብኛለች።

ቤቱን ለማየት የመጣሁ ቀን ምንጣፏን በጫማዬ ጫፍ ገለጥ ባደርግ፣ አከራዬ ፈጠን ብለው «እሱን ተወው ልጄ፣ ከድሮም እንደዚያው ነው» አሉኝ። ምን ዓይነት ጥበብ ነው! ስንጥቅ ዕድሜ ከጠገበ ስንጥቅነቱ ይቀርና የቤቱ ጠባይ ይሆናል ማለት ነው። እኔም «ኧረ ችግር የለም እትዬ» ብዬ መልሼ ሸፈንኩት። ከውላችን ሁሉ ሳይጻፍ የጸናው አንቀጽ ይኸው ነው። ተከራዩ ሲወጣ ግን ያ ሽማግሌ ስንጥቅ በአንድ ጀምበር ወጣት ሆኖ ያድራል፤ «ትናንት አንተ የሰበርከው» ይባልና ከማስያዣው ይቆረጣል። በገባሁበት ቀን ፎቶ አንስቼ ብይዝ ኖሮ ክርክሩ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ግን አዲስ ጎጆን የተሰበረ ወለል ፎቶ በማንሣት መጀመር ያስነውራል።

አንዳንድ ሰው ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። የሴራሚክ ሥራ የሚያውቅ ወዳጄ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ እንግድነቱን ረስቶ ተንበረከከና ወለሉን በሳንቲም ይቆረቁር ጀመር። ደህናዎቹ ጠጠር ያለ ድምፅ ሲሰጡት የኔዋ እንደ ባዶ ቅል አስተጋባች። «ሥሯ ባዶ ነው» አለ፤ «ኮላውን አምስት ቦታ ጉብ ጉብ አድርገው ነው የለጠፏት። አራት በማዕዘን፣ አንድ በመሐል።» የሙያው መመሪያ በደረቅ ክፍል ቢያንስ ከመቶ 80 የሚሆነው የሴራሚኩ ጀርባ፣ ውሃ በሚነካው ቦታ ደግሞ ከመቶ 95ቱ ኮላ መያዝ አለበት ይላል አሉ። እንዲህ ያለ ብክነት! የኔን ቤት የሠራው ቆጣቢ ግን በአምስት ጉብታ ጨርሶ ሄዷል። ጉብታው በሌለበት ላይ መዶሻ ቢወድቅ፣ ወይም የቁም ሣጥን እግር ቢያርፍ፣ ሴራሚኩ የሚደገፈው በአየር ነው።

ወዳጄ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ስንጥቁ ከአንዱ ሴራሚክ ወደሌላው በአንድ መሥመር ሲያልፍ አይቶ ደግሞ «ይሄማ ከሥር ያለው የስሚንቶ ወለል፣ ሊሾውም ሳይሰነጠቅ አይቀርም፤ እሱ ካልታየ ሴራሚክ ብትቀይርም ትመለሳለች» አለኝ። ከዚያ የማያልቅ ዝርዝር አወረደብኝ። ዙሪያዋን ያለውን የመጋጠሚያ ስሚንቶ ፋቅ፤ በመዶሻና በስካርፔሎ ከመሐል ወደ ጠርዝ እየሰበርክ አውጣ፣ ከጠርዝ ከጀመርክ ጎረቤቷን ታስከትላለህ፤ የድሮውን ኮላ እስከ ሊሾው አንሣ፤ የአዲሷን ሴራሚክ ጀርባ ሙሉ ኮላ ቀባ፤ ለጥፈህ አንድ ቀን ሳትረግጥ ጠብቅ፤ ከዚያ መጋጠሚያውን ሙላ። አንድ ቀን ሙሉ! ምንጣፍ እኮ በሦስት ሰከንድ ያልቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያለው ሰው ምንጣፍ ያልነበረው ምስኪን መሆን አለበት።

በእርግጥ ተመሳሳይ ሴራሚክም የለም። ቤቱ ሲሠራ ሁለት ሦስት ትርፍ ያስቀመጠ ሰው የለማ! ትርፍ ማስቀመጥ እኮ ይሰበራል ብሎ ማሟረት ነው።

አንድ ነገር ሳልቀልድ ልናገር። በጣም አሮጌ ቤት ውስጥ ያለው ወለል ሴራሚክ ሳይሆን በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1980ዎቹ በፊት የተነጠፈ የፕላስቲክ ንጣፍ ከሆነ አስቤስቶስ የሚባል ቃጫ መሰል ማዕድን ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራው ለሳንባ አደገኛ ነው። እሱን መፋቅም መሰባበርም አይገባም። ደህና ከሆነ ሳይነኩ በላዩ ሌላ ማንጠፍ፣ ተሰባብሮ ከሆነ ለሚያውቅበት ባለሙያ መተው ነው። ምንጣፍ አፍቃሪዎች በሕይወታችን ልክ የሆንበት አንድ ቦታ ይህ ብቻ ነው፤ እሱንም አውቀን አላደረግነውም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ወለሉ በታጠበ ቁጥር ውሃው በስንጥቁ እየገባ ሥሯን ያረሰርሳል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ ባለፈው ሰሞን ጉንዳኖችም ተሰልፈው ሲወጡ አየሁ። ጎረቤት ሴራሚኳም «ቀጭ» ማለት ጀምራለች። እኔም ዝም አላልኩም። ሰፋ ያለ ምንጣፍ ገዛሁ።

ትናንት ቤቱን ልለቅ ስዘጋጅ አዲስ ተከራይ ሊያይ መጣ። ምንጣፉን በጫማው ጫፍ ገለጥ አደረገ። አከራዬ አፋቸውን ሳይከፍቱ እኔ ቀደምኳቸው፤ «ተወው ወንድሜ፣ ከድሮም እንደዚያው ነው።» ልጁ ትንሽ አሰብ አደረገና ወደ እትዬ ዞሮ ጠየቃቸው።

«ምንጣፉ አብሮ ነው የሚከራየው?»