የምን ብረት?
የጥንቷ ቻይና የሊያንግዡ ሰዎች ጄድ የሚባለውን ጠንካራ የጌጥ ድንጋይ «በስለታም ብረት ቀረጹት» የሚለው ነገር አልተዋጠልኝም። የምን ብረት? የሊያንግዡ ሰዎች የኖሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3300 እስከ 2300 ገደማ ነው፣ ያኔ እዚያ ብረት የሚያቀልጥ አልነበረም። ጄድ ደግሞ በቢላ ቢጭሩት ንክች አይልም፤ በአሸዋና በውኃ እየፈተጉ ቀስ በቀስ ነው የሚሸረሽሩት። «እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ማሽን አይሆንም» ላልከው ወንድሜ፣ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ጎራ ካልክ ጾንግ የሚሉትን፣ ውጪው አራት ማዕዘን መሀሉ ክብ ቀዳዳ የሆነውን ጌጥ አጎንብሰህ እየው። ከሁለቱም ጫፍ እየቦረቦሩ መሀል ላይ ስለሚገናኙ አንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ እርከን ይቀራል፣ ማሽን እንዲህ አይስትም። እ.ኤ.አ. በ1986 ቻይና ውስጥ ፋንሻን በሚባለው የሊያንግዡ መቃብር የተገኘው ጾንግ እኮ 6.5 ኪሎ ይመዝናል፣ ያንን ሁሉ በአሸዋ!