ሁለት ሜትር መንገድ እንኳ ይነፈገን?

ቅዳሜ በማለዳ ሳይክሌን ይዤ በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ ወጣሁ። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንጦጦ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። ያን ዳገት ትንፋሽ እያጠረኝ የምገፋው ለአንድ ነገር ብዬ ነው፤ ከአስፋልቱ ወርጄ በጅረቱ ዳር ያለችውን ኮረኮንች ለመያዝ። በአንድ በኩል ሜዳና ከብት፣ በሌላ በኩል ውሃ። መኪና የለ፣ ጡሩምባ የለ።

ዘንድሮ ግን መንገዷ መሃል የቆርቆሮ አጥር ቆሞ ጠበቀኝ። ማን እንዳጠረው የሚናገር ምልክት እንኳ የለም። አንድ እረኛ ልጅ «ጋሼ፣ ተዘግቷል እኮ። እኛም ከብቶቹን ውሃ የምናጠጣው በዚያ ዞረን ነው» አለኝ። አንጀቴን በላው።

በአስፋልቱ ስመለስ ገልባጭ መኪና ሊጨፈልቀኝ ምንም አልቀረውም። ዳሩ ተቆራርሷል፣ የምሸሽበት የለኝም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጥቁሩ አፈር ጎማ ላይ እየተለጠፈ ሳይክል መሸከም ነው። ያለችን በጋዋ ብቻ ናት!

ደግሞ የሳይክል ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚያች መንገድ ተማሪ ይሄዳል፣ አህያ ጭነት ይዞ ያልፋል፣ እናቶች ገበያ ይወጣሉ። አጥሩን ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ማስገባት ይህን ያህል ከበደ?